የቤታችን ዜማ ዳንስ ቤት ገባ

ቶተንሃም፣ ለንደን
ሜይ 14 ቀን 2000 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ ለአክስቴ ዳሳ፣

ይህች ወረቀት ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ የደም ግፊትዎ ረግቦ፣ በረንዳዎ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያሙ እንድታገኝዎ ጸሎቴ ነው። እናቴ ቪኔት ሰላም ብላለች። አያቴ አይሲልዳም ለእህቴ ሰላምታዬ ይድረስልኝ ብላለች። ጣቶቿ ብዕር አንይዝ ካሏት ወዲህ የምጽፍላት እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ዛሬም እሷ እየተናገረች እኔ እየጻፍኩ ነው። እንዲህ ትላለች፦

«ውድ እህቴ አዳሳ፣ ከሕመምሽ በመዳንሽ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤ የተናገርኩሽ ነገር አስቀይሞሽ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። ለጣሪያሽ ቆርቆሮ የጠየቅሽውን ገንዘብ ቪኔት ትልክልሻለች። ራስሽን ጠብቂ።»

ይህን ብላ ደክሟት ጋደም ብላለች።

የእኔን ወሬ ደግሞ ይስሙ። እኔና ጓደኛዬ ዳኒ ሸሪን ከምትባል ልጅ ጋር ሆነን ቬልቬት ሎክ የሚባል ቡድን አቋቁመናል። ሙዚቃው ጋራዥ ይባላል፤ ስሙ ነው እንጂ መኪና አንጠግንም። ከበሮው እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ ቤዙ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ ተቆራርጦና ፈጥኖ እንደ ሕፃን ልጅ ቀጥኖ ከላይ ይጮኻል። እኔ መኝታ ቤቴ ውስጥ አቀናብራለሁ፣ ዳኒ ማይክ ይዞ ያወራል፣ ሸሪን ቆንጆ ናት። ኤፕሪል ላይ ምንም ያልተጻፈበት የዘፈን ሸክላ በራሳችን አሳትመን ሱቅ ለሱቅ አዞርን። ከፎቅ ጣሪያ ላይ ተደብቀው አንቴና የሚተክሉት ፈቃድ የሌላቸው ሬዲዮዎች አላሳርፍ አሉት። አሁን አንድ ትልቅ ኩባንያ አስፈርሞናል። ዘፈኑ «ካፒቴን» ይባላል። ሰው ሁሉ «ያንን ድምፅ ከየት አመጣኸው?» ይለኛል። የሙያ ምስጢር ነው እላለሁ።

የእህትዎ የልጅ ልጅ፣
ኮርትኒ

ቡፍ ቤይ፣ ፖርትላንድ፣ ጃማይካ
ጁን 4 ቀን

ለልጄ ለኮርትኒ፣

በምትገባበትም በምትወጣበትም የሰማይ አምላክ አይለይህ። እኔ አለሁ። ሐኪሙ ጨው ተዪ ብሎኛል፤ ያለ ጨው መብላት መኖር ከተባለ አለሁ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ስድብ አጣሁበት። እህቴ አይሲልዳ እንግሊዝ አገር ከገባች ጀምሮ «አንቺ ግትር» ሳትል ደብዳቤ ጀምራልኝ አታውቅም። ይቅርታማ በቁሟ ከአፏ አይወጣም። ልጆች ሳለን ጥርሴን በድንጋይ ሰብራ እንኳ «እዚያ ጋ ማን ቁሚ አለሽ?» ነው ያለችኝ። አሁን «ራስሽን ጠብቂ» ትለኛለች? ይህ የነርስ ቃል ነው።

ወይ አንተ ንግግሯን አሳምረህባታል፣ ወይ እሷን እኔ የማላውቀው ነገር ይዟታል። በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚስተር ጌይል ሱቅ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ደውላ ትስደበኝ። ቆርቆሮው ይቆይ።

ዘፈንህን እግዚአብሔር ይባርክልህ። ሥራዋ ቆንጆ መሆን ብቻ የሆነውን ያቺን ልጅ ግን ተጠንቀቃት።

አክስትህ አዳሳ፣ ያንተዋ ዳሳ

ቶተንሃም
ጁላይ 12 ቀን

ለተከበሩ ለአክስቴ ዳሳ፣

ጤናና ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። ስልክ ሳንደውል በመቅረታችን አይቀየሙን። የአያቴ ጆሮ ከብዷል፤ በስልክ የሚሏትን ስለማትሰማ ታፍራለች። እንዲያውም ትናንት «ያቺ ግትር አሁንም ነዝናዛ ናት?» ብላ ስቃለች። ይኸው ስድብዎ።

ዋናውን ልንገርዎ። ባለፈው እሁድ የአገሩ ሁሉ የዘፈን ሽያጭ ሰንጠረዥ በሬዲዮ ሲነበብ ስምንተኛ ሆነን ገባን። ሰፈሩ በሙሉ በመስኮት ጮኸ። ቴሌቪዥን ጣቢያ ተጠርተን ስንሄድ ማናጀራችን ሦስት የመርከበኛ ቆብ ይዞ መጣ።

«ይህን ደፍቼ ቶተንሃም እንዴት ነው የምመለሰው?» አለው ዳኒ።

«በሊሞዚን» አለው።

የተመለስነው በአውቶቡስ ነው።

በቴሌቪዥን ሸሪን አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ሰዉ የምትዘፍን ይመስለዋል። አንድ ጋዜጠኛ «ያንን ስትዘፍኚ ውስጥሽ ምን ይሰማሻል?» ቢላት «ሙቀት» አለችው። እኔን ደግሞ «አንተ ከኋላ ሁን፣ ምስጢራዊ ትመስላለህ» ይሉኛል። ዳኒ ከማናጀሩ ጋር ለብቻው ምሳ በልቷል። ሸሪን ለብቻዋ ፎቶ ተነስታለች። ምን እንደሚዶልቱ አላውቅም፣ ግን አልወደድኩትም።

ካሴቱን ልኬልዎታለሁ። ፍጥነቱ ስለሚያጣድፍ ቃሉ አይሰማዎትም፤ ግድ የለም፣ ይወዝወዙበት።

ኮርትኒ

ቡፍ ቤይ
ኦገስት 3 ቀን

ለኮርትኒ፣

እግዚአብሔር እውነት የምትናገርበት አንደበት ይስጥህ። አሜን በል።

ካሴቱ ደረሰኝ። ቴፕ ስለሌለኝ ጎረቤቴ ክሎቨር ዘንድ ወሰድኩት። የልጅ ልጆቿ ጨፈሩበት። እኔ የሰማሁት አንዲት ትንኝ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ስትሟገት ነው። ልጁ እንጀራ ከበላበት ይሁን ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ መብራት ሄደ። ክሎቨር ቴፑን በባትሪ ከፈተችው። ባትሪው ሊያልቅ ተቃርቦ ኖሮ ካሴቱ መጎተት ያዘ። የዚያች ትንኝ ድምፅ ወረደ፣ ወረደና ሰው ሆነ። ትልቅ ሴት ሆነች። «ወንዙ ሞልቷል፣ ጀልባው ቀርቧል» አለች።

«ባትሪው ሊሞት ነው» አለች ክሎቨር።

«ተይው ይሙት፣ አትንኪው» አልኳት።

ኮርትኒ፣ ይህን ካላወቅህ ልንገርህ፤ እያወቅህ ከሆነ ደግሞ እፈር። ያ መዝሙር መጽሐፍ ላይ የለም። ያወጣው አባቴ ነው። እዚህ ሰው ሲሞት በዘጠነኛው ሌሊት ተሰብስበን፣ ዓሣ ጠብሰን፣ ዶሚኖ እየተጫወትን፣ እስኪነጋ እንዘምራለን። አውራጇ ስንኙን በንግግር ትጥላለች፣ ሰዉ በዜማ ይቀበላታል። ለሌላው ሰው የሚሆን መዝሙር ሞልቷል። ያኛው ግን ለቤታችን ሰው ብቻ ነው። ለአባቴ ተዘመረ፣ ለእናቴ ተዘመረ፣ ለወንድማችን ተዘመረ። በሠርግ አይዘመርም፣ በቤተ ክርስቲያን አይዘመርም፣ ልጅ አይተኛበትም። ከቤታችን ሰው ካልሞተ አይነሳም።

እናንተ የመርከበኛ ቆብ ደፍታችሁ ጨፈራችሁበት። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። ለንደን ያላችሁት የቤታችን ሰዎች ሦስት ናችሁ። አንተ ትጽፍልኛለህ፤ የሁለቱን ድምፅ ግን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ከቤታችን ማን ሞተ?

አዳሳ

ቶተንሃም
ሴፕቴምበር 10 ቀን

ለተከበሩ ለአክስቴ ዳሳ፣

በያሉበት ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ።

ማንም አልሞተም። ድምፁ የአያቴ ነው። ወጥ ቤት ድንች እየላጠች ስታንጎራጉር እኔ ቀዳኋት። «በስተርጅና ታዋቂ ሆንኩ» እያለች ትስቃለች። እናቴም ደህና ናት፤ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ቀን ትተኛለች፣ ለዚያ ነው ያልደወለች። ይልቅ ይህን የሞት ወሬ ጆሮዎ ላይ የሚያስቀምጠው ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ክሎቨር ለንደን ዘመዶች እንዳሏት ሰምቻለሁ። ሰው ሲያልፍለት የማይወዱ አሉ።

ማለፉም እንደሆነ ብዙ አልቆየም። ስምንተኛ ነበርን፣ አሥራ ዘጠነኛ ሆንን፣ አርባ አንደኛ ሆንን፣ ከዚያ ሰንጠረዡን ባነብም ስማችን የለም። ኩባንያው «ሁለተኛ ዘፈን ቶሎ አምጡ፣ ያቺን ድምፅ መልሳት» ይለኛል። ከየት አምጥቼ? ዳኒ ስገባ ስልኩን ይዘጋል። ሸሪን አዲስ ጫማ አድርጋለች። ሁሉም እኔ የማላውቀውን የሚያውቅ ይመስለኛል።

ኮርትኒ

ቡፍ ቤይ
ሴፕቴምበር 28 ቀን

ለኮርትኒ፣

አምላክ ያያል፤ እኔም እሰማለሁ።

ሰፈሩ ያለቀ ባትሪ እያጠራቀመ ያመጣልኛል። ካሴትህን እየደጋገምኩ አዳመጥኩት። ወጥ ቤት ነው ያልከኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ ሲመታ ይሰማል? አንዲት ሴት ድንች ስትልጥ ከኋላዋ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ይቀበላታል?

ድምፁም የእህቴ አይደለም። አይሲልዳ ስንኝ ስትጥል ሰው እንዳይቀድማት ትቸኩላለች። ይህቺኛዋ እየፈራች ነው የምታወርደው፣ ሰው ቤት ገብታ የሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ሴት። ልጄ፣ እህቴ ባለችበት ቤት ያንን መዝሙር ሌላ ሰው አያወርድም። ጉሮሮዋ ቢዘጋ በእጇ እየጠቆመች ታወርዳለች እንጂ ለእንግዳ አትለቅም። ከእሷ ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው፣ እኔም እዚህ ነኝ። እንግዳ ሴት ካወረደችው የተዘመረው ለአይሲልዳ ነው።

ከእንግዲህ በእሷ አፍ እንዳትጽፍልኝ። መቼ ሞተች? ማን አጥቦ አለበሳት?

አዳሳ

ቶተንሃም
ኖቬምበር 26 ቀን

አክስቴ ዳሳ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን ቃል ለመጻፍ ከአንድ ወር በላይ ፈጀብኝ።

ፌብሩዋሪ ላይ በእንቅልፏ ሄደች። አጥባ ያለበሰቻት እናቴ ናት። እርስዎ ያን ጊዜ ፖርት አንቶኒዮ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እናቴ ሐኪሙን በስልክ ብትጠይቀው «አሁን ከነገራችኋት ሬሳው ሁለት ይሆናል» አላት። እስኪያገግሙ ተባለና ደብዳቤውን እኔ እንድጽፍ ሆነ። እርስዎ ሲድኑ እናቴ «አሁንስ ልንገራት» ማለት ጀምራ ነበር። «ትንሽ ትጠንክር» እያልኩ ያቆየኋት እኔ ነኝ። ዘፈኑ እየወጣ ነበር፤ ካወቁ ያስቆሙታል ብዬ ፈራሁ።

በዘጠነኛው ሌሊት ትንሿ መቅረጫ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ያወረደችው የቤተ ክርስቲያናችን እህት ፐርል ናት። መቅዳቴን እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። ዘፈኑ በሬዲዮ ሲመጣ «ቀንሰው ይህን ጩኸት» ነው የምትለው።

ሁለተኛው ዘፈናችን ስድሳ ስምንተኛ ሆኖ በሳምንቱ ጠፋ። ኩባንያው አሰናበተን። የማናጀሩ ስልክ አይሠራም። ዳኒ ብቻውን ጀምሯል፣ ሸሪን ሌላ ቡድን ገብታለች፤ የሚዶልቱት ይህንኑ ነበር። ከፈለጉ የቀዳሁትን ሁሉ እደመስሰዋለሁ። ቃልዎ ይበቃኛል።

ኮርትኒ

ቡፍ ቤይ
ዲሴምበር 17 ቀን

ለኮርትኒ፣

ሰላምታ የለኝም። ሲኖረኝ እልካለሁ።

ለእናትህ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ። ይህ የአንተ ነው።

አልቅሼ አልወጣልኝም። ሰው እህቱ ስትሞት ያለቅሳል፣ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይሰበሰብለታል። እኔ ግን ያን ሁሉ ወር ከሞተች ሴት ጋር ስጣላ ከረምኩ። እሁድ እሁድ የጌይል ሱቅ ስልክ አጠገብ ተቀምጬ ስድቧን ስጠብቅ ሰዉ ሁሉ አይቶኛል።

እዚህ ዘጠነኛው ሌሊት ሲነጋ አልጋውን እናዞራለን፣ ዕቃውን ቦታ እንቀያይራለን፤ ነፍሷ ቤቱን እንዳታውቀውና መንገዷን እንድትቀጥል ነው። እናንተስ? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በየዳንስ ቤቱ ያንኑ መዝሙር አነሳችሁባት። ልትሄድ እግሯን ባነሳች ቁጥር መልሳችሁ ጠራችኋት። ከሰንጠረዡ ወጣን ስትል ያዘንክ ትመስላለህ። እኔ ተመስገን አልኩ። ማንም ካላጫወተው እህቴ ታርፋለች።

እደመስሰዋለሁ ትለኛለህ። ደምስሰህ ወየውልህ! ስትሞት አጠገቧ አልነበርኩም፣ አልቀበርኳትም፣ በዘጠነኛው ሌሊት አልዘመርኩላትም። ያቺ ሌባ መቅረጫህ ግን ነበረች። ያን ሌሊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላክልኝ። ቆርጠህ እንዳትልክ። አቆራረጥህን ለምጄዋለሁ፣ ያሳጠርከው ካለ እደርስበታለሁ።

ሌላ የደበቃችሁኝ ነገር ካለም አሁኑኑ ተናገር።

አዳሳ

ቶተንሃም
ጃንዋሪ 21 ቀን 2001

አክስቴ ዳሳ፣

ቸሩ አምላክ ልብዎን ያሳርፍልኝ።

ካሴቶቹን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። መቅረጫዋ ሳይነጋ ስለሞላች የመጨረሻው የለም። ይህን የምነግርዎ ቆረጠው እንዳይሉኝ ነው። ሌላ የደበቅነው ነገር የለም።

እስከ ዛሬ ከመጀመሪያው አዳምጬው አላውቅም ነበር። ያችን አንዲት ስንኝ ብቻ መርጬ ይዤ ሌላውን ትቼው ነበር። ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ተነስታ በሩን ዘጋች። «ቴፑን ክፈተው» አለችኝ። አብረን አዳመጥነው።

መጀመሪያ ሳቅ ነው። አያቴ የኢንሹራንሱን ሰውዬ በመጥረጊያ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ እንዳባረረችው አንዱ ያወራል። ዓሣ ይጠበሳል፣ ዶሚኖ ይመታል። ከዚያ አንድ ሰው «የቤታቸውን መዝሙር ማን ያውርድ?» አለ። እናቴ «አዳሳ ነበረች የምታወርደው፣ እሷም እዚህ የለችም» አለች። ዝም ተባለ። ዶሚኖውም ቆመ። ወንበር ሲንቋቋ ብቻ ይሰማል። ያ ሁሉ ዝምታ ካለፈ በኋላ ነው እህት ፐርል ትንፋሿን ስባ የጀመረችው።

ዘፈኑን ስሠራ ዝምታውን ቆርጬ ጥዬ ከትንፋሿ ነው የጀመርኩት። ያን ሌሊትም ሆነ በኋላ የእርስዎ ስም እዚያ እንዳለ ልብ አላልኩም። ሰው ሁሉ እርስዎን ጠብቆ ነበር።

አሁን ዕቃ ማመላለሻ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። መሣሪያዎቼን አልሸጥኳቸውም፣ ግን አልነካኋቸውም። ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ባይሰጡኝም አልፈርድብዎትም።

ኮርትኒ

ቡፍ ቤይ
ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2001

ለቪኔትና ለኮርትኒ፣

የአባቴ አምላክ ከነቤታችሁ ይጠብቃችሁ።

ካሴቶቹ ደርሰዋል። ፖስታ ቤት እሽጉን ማንም ከፍቶት እንዳልነበር አገላብጬ አይቻለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም፣ ኮርትኒ። እያሰብኩበት ነው።

ሰው ጠራሁ። ዓሣ ጠበስን፣ ዶሚኖ አመጡ። የክሎቨርን ቴፕ ግቢው መካከል ጠረጴዛ ላይ አድርገን እንደ ሰው ዙሪያዋን ተቀመጥን። ስለ እህቴ የተወራውን ሁሉ ሰማሁ፤ ግማሹ ውሸት ነው። አይሲልዳ ሰው ለማባረር መጥረጊያ አያስፈልጋትም፣ ምላሷ ይበቃታል። እኛም የእኛን ጨመርንበት። ቴፑ ሲስቅ አብረን ሳቅን።

ከዚያ ሰውዬው «ማን ያውርድ?» አለ። ቪኔት፣ ስሜን ስትጠሪ ሰማሁሽ። ለንደን ዝም አለ። የእኛም ግቢ ዝም አለ። ክሎቨር ወደ እኔ ዞረች።

ተነስቼ ስንኙን ጣልኩ። ፐርል ምስኪን ዘግይታ ገባች፣ እኔ ቀድሜያት ነበር። እዚህ ያለው ሰው ተቀበለ፣ እዚያ ያለውም ያ ሁሉ ሰው አብሮ ተቀበለ። ለእኔ ነው የተቀበሉት።

እስኪነጋ አወረድኩላት።

አዳሳ